ሌላው ዓለምነው

ዓለምነውና አስማረ በእንጅባራ ከተማ አስፋልቱ ዳር፣ ጎን ለጎን የተሠሩ ሁለት ጠባብ ሱቆች ነበሯቸው። ዓለምነው ፀጉር ያስተካክላል፤ አስማረ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ ሜሞሪ ላይ ዘፈን ይጭናል። በመካከላቸው ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። እሱም ከስስነቱ የተነሣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከማዶ «ይማርህ» ይላል።

ሰው ወደ ዓለምነው ዘንድ የሚመጣው ለፀጉሩ ብቻ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጨርቁ አንገቱ ላይ ከታሰረለት በኋላ የአስማረን ድምፅ ይጠብቃል።

«ዓለምነው! የሰውየውን ጆሮ ተጠንቀቅ። ባለፈው ሳምንት የቆረጥከው እየተንከባለለ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር።»

«ምን ሊሠራ መጣ?»

«ዘፈን ሊሰማ ነዋ!»

«እንዲያ በል! እኔ እኮ ምን ሆኖ ነው እያለቀሰ የተመለሰው ብዬ ነበር።»

ደንበኛው በሳቅ ሲንፈራፈር ዓለምነው ምላጩን ወደ ላይ አንሥቶ ሳቁ እስኪያልፍ ይጠብቃል። አንዳንዱ ፀጉሩ ሳያድግ የሚመጣው ለዚሁ ነበር።

ሁለቱ በአንድ ሰፈር፣ አጥር ለአጥር ተያይዘው ያደጉ ናቸው። በልጅነታቸው በአንድ ፈረስ ጀርባ ላይ ተፈናጠው ውኃ ያጠጡ ነበር። ዓለምነው ስሜነሽን ሲያገባ ሚዜው አስማረ ነበር፤ አስማረ ራሱ ገና አላገባም። የዓለምነው አባት ሲሞቱ አንድ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ፣ ቦራን፣ ትተውለት ሄዱ። ያኔም ቢሆን ሳር የሚያጭዱለት በተራ ነበር፤ አንድ ቀን ዓለምነው፣ አንድ ቀን አስማረ። ዓለምነውን «ስንት ጓደኛ አለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ጥያቄው ራሱ ባስገረመው ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ሲሞን የሚባል ሰው ፀጉሩን ሊስተካከል ገባ። ሲሞን ዳንግላ ውስጥ ሠርግ በቪዲዮ እየቀረጸ የሚተዳደር ወጣት ነው። የጆሮውን ወሬ ሰምቶ እስኪያለቅስ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ ፀጉሩ ግን ምንም የሚቆረጥ አልነበረውም።

«ፊልም ልሠራ ነው» አለ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። «ስሙ ‹የጋራ ፈረስ› ነው። ሁለት ጓደኛሞች አንድ ፈረስ በጋራ ይገዛሉ። በጥር ለሚከበረው የፈረስ በዓል ማን ይቀመጥበት በሚለው ይጣላሉ። ሰው እንዲስቅ ነው የምፈልገው። እናንተ ሁለታችሁ ሥሩልኝ።»

ከግድግዳው ማዶ «ፈረሱን ማን ሊሆን ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ሲሞን እንደገና ሳቀ። ዓለምነውም ሳቀ። በዚያ ሳምንት እንደ ዓለምነው ደስ ያለው ሰው እንጅባራ ውስጥ አልነበረም። ለስሜነሽ ነገራት፤ ለደንበኞቹ ሁሉ ነገራቸው። ያልጠየቀውን ሰው ሳይቀር መንገድ ላይ እያስቆመ ነገረው።

የሙከራው ዕለት ሲሞን ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመና «በሉ፣ እንደምታወሩት አውሩ» አለ። አስማረ ወዲያው ጀመረ። ዓለምነው ግን የካሜራውን ጥቁር ዓይን ሲያይ አፉ ደረቀ። ሁልጊዜ ከግድግዳ ጋር ነበር የሚያወራው፤ እጁም ሁልጊዜ መቀስ ይዞ ነበር። አሁን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። አንዴ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አንዴ ከኋላው አጣመረው። ቃሉንም በወላጆች ቀን ግጥም እንደሚያነበንብ ተማሪ አንድ በአንድ ለቀመው። ሲሞን ስድስት ሰባት ጊዜ ሞከረው። በመጨረሻ ካሜራውን ዘጋና ጫማውን እያየ «ፈረስህ ግን በጣም ቆንጆ ነው» አለ።

በዚህ ዓይነት ቦራ ፊልሙ ውስጥ ገባ፤ ዓለምነው ቀረ።

በእሱ ቦታ የመጣው ገሠሠ ነው። ገሠሠ ዳንግላ ገበያ ላይ ጫማ የሚሸጥ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በጸሎት ቤታቸው ድራማ ሲሠራ ያደገ፣ ረጅም፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። ዓለምነውን ሲጨብጠው በሁለት እጁ ነበር።

«ሲሞን አንተን አጥና ብሎኛል» አለው። «ከፈቀድክልኝ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ። አልረብሽህም።»

እንዴት ብሎ እምቢ ይበለው? ገሠሠ ጥጉ ላይ ሁለት ሳምንት ያህል እየተመላለሰ ተቀመጠ። ዓለምነው ጨርቁን ሲያራግፍ ያያል። ከመሳቁ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ ያያል። ሰው ሲያበሳጨው በማበጠሪያው ጭራ አንገቱን ሲያክ ያያል። አንድ ቀን ዓለምነው ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ ሲመለስ ሱቁ በሳቅ ተሞልቷል። ገሠሠ ጨርቁን ያራግፋል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በማበጠሪያ ጭራ አንገቱን ያካል፤ ከግድግዳው ማዶም አስማረ ይመልስለታል።

«ዓለምነው! የሰውየውን ፂም ምን አደረግከው?»

«ላንተ አስቀመጥኩልህ። ያንተ መቼም አይበቅልም!»

ድምፁ ራሱ የዓለምነው ድምፅ ነበር። ዓለምነው በር ላይ ባልዲውን እንደያዘ ቆመ። ከሁሉ የከፋው ሳቁ አልነበረም። አስማረ ለመመለስ አንዲት ቅጽበት እንኳ አለማመንታቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ያስከፋው ጀመር። ቀረጻው ሲጀመር ቦራን ይዞ የሚቀርበው እሱ ነው። ልጓሙን ይዞ፣ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ፣ የገዛ ጓደኛው ከሌላ ሰው ጋር ጓደኛ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ያያል። ይተቃቀፋሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሲሞን «ድገሙት» ሲል ደግሞ እንደ አዲስ ይታረቃሉ። ሲያርፉ እንኳ አስማረ ወደ ዓለምነው አይመጣም፤ ከገሠሠ ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቃላቸውን ይለማመዳል። እሁድ እሁድ ዳንግላ ይሄዳል። «ልምምድ አለን» ይላል። ያቺ «አለን» የምትል ቃል ዓለምነው ጆሮ ውስጥ እንደ ትንኝ ትዞር ነበር። አስማረ የቦራን ሳርም በተራው ማጨድ ትቶ ነበር፤ ዓለምነውም «ተራህ ነው» አላለውም። እያወቀ ዝም ብሎ ብቻውን አጨደ፤ ባጨደ ቁጥርም በልቡ ይመዘግበው ነበር።

አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ስሜነሽ ትኩር ብላ አየችው።

«ምን ሆነሃል? ወጡ ጨው በዛበት?»

«ምንም አልሆንኩ።»

«ገሠሠ ነው?»

«ምን ገሠሠ ገሠሠ ትያለሽ! የሰው ሳል ሳይቀር ይሰርቃል። ትናንት ሲስል ሰምቼዋለሁ፤ የእኔን ሳል ነው የሳለው!»

ስሜነሽ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። «አስማረ ሴት ቢወድ ኖሮ እንዲህ የምትሆን አይመስለኝም» አለች። «እንዲያውም ሚስት ፈልግለት ስልህ ከርሜያለሁ።»

«ይሄ ከሚስት ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች፤ ወጡን ጨመረችለት።

ኅዳር ላይ ትልቁ ትዕይንት ደረሰ። ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ካለው መስክ ላይ ገሠሠ ፈረሱን ሰርቆ ሲጋልብ፣ አስማረ በእግሩ ሲያባርረው የሚቀረጽበት ነው። ሌሊቱን ያለ ወቅቱ ዘንቦ ስለነበር ሳሩ ርሷል፤ ጉድጓዱ ሁሉ ጭቃ ይዟል። ዓለምነው ቦራን ሲጭን ገሠሠ እጁን እያሟሟቀ ቀረበው።

«ዓለምነው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ እየሳቀ። «በሠርግህ ቀን ፈረስ ቤት ገብተህ ተደብቀህ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

የዓለምነው እጅ ኮርቻው ላይ ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

«አስማረ ነዋ! ፊልሙ ውስጥ እንዲገባ ለሲሞንም ነግረነዋል። እንዴት ያለ ትዕይንት መሰለህ!»

እውነት ነበር። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ዓለምነው ድንገት ፍርሃት ያዘውና ፈረስ ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ። አስማረ በሩ ሥር ተቀምጦ ብዙ ለምኖ አወጣው፤ ልብሱ ላይ የተጣበቀውን ገለባም ለቀመለት። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ስሜነሽ እንኳ አታውቅም። አሁን ግን ገሠሠ ያውቃል፣ ሲሞን ያውቃል፣ ነገ ደግሞ አገር ሊያውቀው ነው።

ዓለምነው ወደ ፈረሱ ሆድ ጎንበስ አለ። ሁልጊዜ በሆዱ ሥር የሚያልፈውን የኮርቻ ጠፍር ያስገባዋል፣ ፈረሱ ሆዱን የነፋበትን ትንፋሽ እስኪያወጣ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ስቦ ያጠብቀዋል፤ አባቱ እንዲህ ነው ያስተማሩት። ያን ቀን አስገባው፤ ፈረሱ ሲተነፍስም ሰማው። እንደገና ሳይስበው ቀና አለ። «በቃ፣ ቢበዛ ዱብ ቢል ነው» አለ ለራሱ። «ጭቃ ቢነካው አይሞትም።» እንዲያውም ገሠሠ በጭቃ ተለውሶ በዓይነ ኅሊናው ታየውና ደስ አለው።

ገሠሠ ተቀመጠ። ሲሞን ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «በሶምሶማ አይደለም፣ በሙሉ ግልቢያ!» ብሎ ጮኸ። ዓለምነው አፉን ከፈተ። «ቆይ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አስማረን አየው። አስማረ ገሠሠን «አይዞህ!» እያለው ነበር፤ ዓለምነው የሚያውቀው፣ ለእሱ ብቻ የሚመስለው ያ «አይዞህ» ነው። አፉን ዘጋ።

ቦራ መስኩን ሰንጥቆ ወጣ። ከመታጠፊያው ላይ ኮርቻው ወደ ጎን ዞረ። ገሠሠ አንድ እጁን ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው ሽቅብ ዘርግቶ፣ ፊቱ ላይ የመገረም ነገር እየታየበት፣ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሄደና ጭቃው ውስጥ ተዘፈቀ። ሁሉም ሰው ሳቀ። እስኪነሣ ጠበቁት። አልተነሣም።

ቦራ ደንግጦ ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ፤ ዓለምነውም ከሁሉ በፊት ወደ ፈረሱ ሮጠ። ለምን ወደ ፈረሱ እንደሮጠ ኋላ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቋል። ይዞት ሲመለስ አስማረ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የገሠሠን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎታል። እንባው ይወርዳል። ገሠሠ እጁን ይዞ ያቃስታል፤ በሕይወት አለ። ዓለምነው እፎይ ማለት ነበረበት። እፎይም አለ። ከእፎይታው ሥር ግን ያ ነገር ነበር፦ «ለእሱ አለቀሰለት።» እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ይህን ማሰቡ አሳፈረው፤ ቢሆንም አሰበው።

ገሠሠን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ የክንዱ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፣ በጄሶ ታሠረ። አስማረ ከመሄዱ በፊት ወደ ቦራ መጥቶ የተንጠለጠለውን ጠፍር በጣቱ አነሣው። አየው። ከዚያም ዓለምነውን አየው። ሲሞን ከመኪናው «አስማረ፣ ና እንጂ!» ሲል ጠፍሩን ለቀቀውና ሄደ።

በማግስቱ ወደ ዓለምነው ሱቅ ገባ። ደንበኛ አልነበረም።

«ጠፍሩን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

«ተበጥሶ ነው?»

ዓለምነው «አዎ» ለማለት ይችል ነበር። «አይደለም» አለ።

አስማረ «ለማንም አልናገርም» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ። ደንበኞች ጨርቁ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ ይጠብቃሉ፤ ምንም አይመጣም። «ተጣላችሁ እንዴ?» ሲሉት ዓለምነው «ሥራ በዝቶበት ነው» ይላል። የቀረው ክፍል ገሠሠ ክንዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተቀረጸ፤ ሲሞን ታሪኩን ለዚያ እንዲመች አስተካከለው። ቦራን ለቀረጻ ሊወስድ የሚመጣው ሌላ ሰው ነበር። የፈረስ በዓሉ መጣ፣ አለፈ። ዓለምነው በዚያ ዓመት አልጋለበም። አስማረ አንድ ጊዜ ሲያስነጥስ ሰማው፤ «ይማርህ» ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ፤ ግን ይህን ለማለት መብት ያለው አልመሰለውም።

ፊልሙ የታየው ከፋሲካ በኋላ ዳንግላ ነው። ዓለምነውን የጠራው ሲሞን ነው፤ አስማረ ምንም አላለውም። ዓለምነው ልቅር ብሎ ነበር።

«አንተ ብትቀር እኔ እሄዳለሁ» አለች ስሜነሽ። «ፈረሴን አያለሁ።»

ከእንጅባራ በሚኒባስ ሄዱ፤ ከመነኸሪያው እስከ አዳራሹ ደግሞ በጋሪ። ከሰዓት በኋላ ስለነበር የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፍነዋቸዋል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ሰው በአግዳሚው ላይ ተጨናንቋል። ከፊት ለፊት ገሠሠ ሱፍ ለብሶ፣ ከእናቱ ጋር ተቀምጧል፤ አስማረ ከአጠገቡ። ዓለምነውና ስሜነሽ ከኋላ ተቀመጡ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰው ሳቀ። ገሠሠ፣ በፊልሙ ስሙ ሰውነት ነው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲስቅ ስሜነሽ ባሏን በክርኗ ጎሰመችው። «አንተን ቁጭ!» አለችው፤ እሷም ከሰው ጋር ሳቀች። ዓለምነው ጥርሱን ነክሶ ያይ ነበር። ከዚያ የፈራው መጣ። የሠርግ ልብስ የለበሰው ሰውነት፣ የታሠረ ክንዱን ካባው ሥር ሸሽጎ፣ እየሮጠ ፈረስ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። አዳራሹ ፈነዳ። ስሜነሽ መሳቋን አቆመችና ቀስ ብላ ወደ ዓለምነው ዞረች። እሱ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ።

አንሶላው ላይ አስማረ በሩ ሥር ተቀመጠ። ብዙ ቀለደ፤ ሰው ሳቀ። ከዚያ ቀልዱን አቆመና ራሱን በሩ ላይ አስደገፈ።

«አንተ ፈራሁ ትላለህ» አለ ለበሩ። «እኔስ? እኔን ማን ጠየቀኝ? ከነገ ጀምሮ በርህን ሳንኳኳ የምትከፍትልኝ እሷ ናት። ‹ተኝቷል› ትለኛለች። ‹ደክሞታል› ትለኛለች። እኔም ‹እሺ› ብዬ እመለሳለሁ። ሙሽራዋን እጠላታለሁ። ስሟንም መጥራት አልወድም። እሱን ዋጥ አድርጌ ነው ልብስህን የተኮስኩልህ። በል፣ ውጣና አግባ። እኔ እለምደዋለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የሚስል ሰው እንኳ አልተሰማም።

ዓለምነው ያን ጠዋት ያስታውሳል። አስማረ በሩ ሥር ተቀምጦ «ውጣ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» ብቻ ነው ያለው። ይህን አላለም። ስምንት ዓመት ሙሉ አላለም። መጀመሪያ የመጣበት ንዴት ነው፤ ለእኔ ያልነገረኝን ለገሠሠ፣ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ነገረ! ከዚያ ግን ንዴቱ የሚይዘው ነገር አጣ። ስሜነሽ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ለካ እኔም ተቀንቶብኝ ኖሯል» አለች። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም። እጁን ያዘችው።

ውድቀቱም መጣ። ገሠሠ በዚያ በተገረመ ፊቱ ቀስ ብሎ ሲዘነበል ሰው ወንበሩን እየደበደበ ሳቀ፤ ከፊልሙ ሁሉ የበለጠ የሳቀው እዚያ ነው። ካሜራው አልቆመም ነበር። አስማረ እየሮጠ መጣ፣ ጭቃው ውስጥ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ገሠሠን አቀፈው።

«ተነሥ!» ብሎ ጮኸ። «ዓለምነው! ዓለምነው ተነሥ!»

ብዙው ሰው ልብ ያላለው ይመስላል፤ አንዳንዱ ግር ብሎት ጎረቤቱን «ስሙ ሰውነት አልነበረም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን ቦራን እያሳደደ ስለነበር ይህን ያልሰማው ዓለምነው ግን ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየውም። ዓይኑ አንሶላው ላይ ነበር፤ ያየው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ ግን አያውቅም።

መብራቱ ሲበራ ሰው ሁሉ ገሠሠንና አስማረን ከበባቸው። ዓለምነው ስሜነሽን በር ላይ ትቷት በሰው መካከል ተጋፍቶ ሄደ። መጀመሪያ ያገኘው ገሠሠን ነው። ሰዎች እስኪለቁት ቆመና ወደ ጥግ ሳበው።

«ገሠሠ፣ ያን ቀን ጠፍሩን ያላጠበቅኩት እያወቅኩ ነው።»

ገሠሠ ገና ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር። «እንዴት?» አለ።

«እያወቅኩ ነው። ቀንቼብህ ነው። እጅህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ዓለምነው ያለ ፈገግታ አይቶት አያውቅም ነበር፤ ሌላ ሰው መሰለው። ገሠሠ ክንዱን በሌላው እጁ ያዘ።

«በብርድ ቀን አሁንም ያመኛል» አለ። «የጫማ ካርቶን ከመደርደሪያ ሳወርድ ያመኛል። ፈረሱ ነው ብዬ ነበር የማምነው።» ወደ እናቱ ዞሮ አየ። «ይቅር ልልህ እችል ይሆናል። ዛሬ ግን አትጠይቀኝ። እናቴ በፊልም ስታየኝ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ዛሬ የእኔ ቀን ነው፤ ይህንንም አትውሰድብኝ።»

«እሺ» አለ ዓለምነው።

አስማረን ውጭ፣ ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ ብቻውን ቆሞ አገኘው። ከሰው ያመለጠ ይመስላል። ሳይነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ስለነበር ማን እንደሚጀምር አልታወቀም።

«ለገሠሠ ነገርኩት» አለ ዓለምነው።

«ምን አለህ?»

«ዛሬ አይደለም አለኝ።»

«ልክ ነው» አለ አስማረ። መሬቱን በጫማው ጫረ። «ስሙን ተሳስቼ ነው። ሲሞንን ቁረጠው ብዬ ለመንኩት፤ ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው ብሎ እምቢ አለኝ።»

«የፈረስ ቤቱንስ? እሱንም ተሳስተህ ነው?»

የአስማረ ፊት ቀላ። «እሱን አልተሳሳትኩም።»

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?»

«ላንተ እንዴት ብዬ? አንተ ትስቅብኝ ነበር። ወይ ደግሞ አትስቅም ነበር፤ እሱ ይብሳል። ለገሠሠ መናገር ቀላል ነው። ገሠሠ አንተ አይደለማ።» ቀና አለ። «ግን ተናድጄብሃለሁ። አሁንም። ሰው ትገድል ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ስታውቅ ነው የሚያናድደኝ።»

ስሜነሽ ከማዕዘኑ ብቅ አለች። አስማረ ሲያያት እንደ ሌባ ደነገጠ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቆመችና «‹ተኝቷል› ብዬህ የማውቀው ስንት ጊዜ ነው?» አለችው።

«ኧረ አንድም ጊዜ! ፊልም ነው እኮ ስሜነሽ!»

«አንድ ጊዜ ብዬሃለሁ» አለች። «ተኝቶ አልነበረም።» ይህን ብላ ጋሪ ልትጠራ ሄደች። አስማረና ዓለምነው ተያዩ። ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም።

ገሠሠ ለዓለምነው «ና»ም «አትምጣ»ም ሳይለው ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ አስማረ እንደ ሽማግሌ ሆኖ ሊያስታርቅ ተነሣ፤ ለሽምግልና ዕድሜው ባይደርስም ነጠላውን አጣፍቶ ለበሰ። ሁለቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳንግላ፣ ገሠሠ ቤት ደረሱ። እናቱ እትዬ ያለምወርቅ በሩን ከፈቱ።

«እርስዎን አስቸገርን» አለ አስማረ።

«የቱ ነው?» አሉ እትዬ ያለምወርቅ ሁለቱን በዓይናቸው እያገላበጡ። «የልጄን ክንድ የሰበረው የቱ ነው?»

ዓለምነው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በትከሻው ያዙት። ረጅም ጊዜ አዩት። «አንተ ነህ እንዴ?» አሉ። «ልጄ ስንት ወር ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ አንተን ሲሆን ከረመ! ሳልህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ግባ፣ ግባ። ክፉ ነህ፤ ግን ግባ።»

ገሠሠ ከውስጥ ወጣ። አላቀፈውም፤ እጁን ግን ሰጠው፤ ያንኑ የተሰበረውን። ዓለምነው እንዴት እንደሚጨብጠው ጠፋውና በሁለት እጁ፣ እንደ እንቁላል ያዘው። ገሠሠ አየውና ወደ እናቱ ዞሮ የዓለምነውን የደነገጠ ፊት፣ የተኮማተረ ትከሻ፣ የት እንደሚያርፍ የጠፋው እጅ ቁጭ አድርጎ አሳያቸው። እትዬ ያለምወርቅ ሳቅ አነቃቸውና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። አስማረ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ዓለምነውም መሳቅ ነበረበት፤ ሳቀም።

«ብሉ» ተባሉ፤ በሉ። ማምሻው ላይ ገሠሠ እስከ መነኸሪያው ሊሸኛቸው ተነሣ። የገበያው መንገድ በጋሪ ተጨናንቆ ስለነበር ሦስቱም ጎን ለጎን መሄድ አልቻሉም። አስማረና ገሠሠ ፊት ፊት ሄዱ፤ ዓለምነው ጥቂት ወደ ኋላ ቀረ። አስማረ አንድ ነገር ሲል ገሠሠ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ መለሰለት፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ዓለምነው ያ የለመደው ቅናት ሲነሣበት ተሰማው፤ ትንሽ ነው፣ ግን አልሄደም። መቼም የሚሄድ አልመሰለውም። አንዲት ጋሪ እስክታልፍ ቆመ፤ ከዚያ ሮጥ ብሎ ደረሰባቸውና በመካከላቸው ትከሻውን አስገባ።

«ምንድን ነው?» አለ። «ምን ብላችሁ ነው የምትስቁት? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ!»